አማቴን ይዤ ወደ ባስታይ የወጣሁ ዕለት

አማቴ ከጎንደር የመጡት ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ሁለት ወር ሲቀራት ነበር። እኛ ወደምንኖርባት የጀርመን ከተማ፣ ወደ ድሬስደን፣ የገቡት በሐምሌ መጨረሻ ነው። ሻንጣቸው ሲከፈት በርበሬው፣ ሽሮው፣ አብሹና የአጥሚቱ እህል ከላይ ተደርድሮ፣ ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ የሦስት ወር የደም ግፊት መድኃኒት ወጣ። ሁለት ዓይነት ክኒን ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «አላወቅሁም ነበር» ለማለት እንዳይመቸኝ ነው።

የምጽፈው ወላጆቻችሁን አስመጥታችሁ «ምን ላሳያቸው» እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው። እኔ አሳያለሁ ብዬ ልገድላቸው ነበር።

ድሬስደን የሚኖር ሰው እንግዳ ሲመጣበት የት እንደሚወስደው አይቸገርም። ከከተማው በባቡር አርባ ደቂቃ ያህል እንደተጓዙ የሳክሶኒ ስዊዘርላንድ የሚባለው አገር ይገኛል። ኤልበ ወንዝ አሸዋማውን ዐለት ሰንጥቆ ያለፈበት፣ ዐለቱም አንዳንዱ እንደ ዓምድ፣ አንዳንዱ እንደ ጣት፣ አንዳንዱም ቆብ እንደ ደፋ መነኩሴ ተነጣጥሎ የቆመበት ስፍራ ነው። ስዊዘርላንድ መባሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድሬስደን ሊያስተምሩ ከመጡ ሁለት የስዊዘርላንድ ሠዓሊዎች ጋር ይያያዛል፤ አገራቸውን ቢያስታውሳቸው ነው። አማቴ ደግሞ ስሜንን የሚያስታውሳቸው ነገር ካዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። በሐሳቡ አልተሳሳትኩም።

ብቻዬን ልወስዳቸው ስላልደፈርኩ ከአስጎብኚ ጋር የሚደረገውን የአንድ ቀን ጉዞ ያዝኩ፤ በትንሽ አውቶቡስ ስምንት ሰው፣ የምሳ ዕረፍት ያለው፣ ማታ ቤት የሚያደርስ። ባለቤቴ ሆዷ ስለገፋ ልትመጣ አልቻለችም። እኔ ፈረቃ ሠራተኛ ስለሆንኩ ማክሰኞን መረጥኩ፤ በሥራ ቀን ሰው ይቀንሳል ብዬም ነው። ፍልሰታ ከገባ ግን አምስተኛው ቀን ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ የቀን ምርጫ ነው። አማቴ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምሱም። ቅዳሜና እሑድ ቢሆን ኖሮ የጾም ምግብ ብቻ እንጂ የሰዓት ጾም የለባቸውም ነበር፤ ጠዋት ጥሬያቸውን ቆርጥመው፣ ውኃቸውን ጠጥተው ይወጡ ነበር። እኔ ራሴ ስለማልጾም ይህ ልዩነት ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። የምትጾም እናት ያለቻችሁ ሰዎች ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአገር ቤቱን የቀን መቁጠሪያ ግለጡ። ቀኑ ቀዝቃዛ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይታለፋል፤ የዚያን ዕለት ሙቀት ግን ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ከሁሉም የባሰው ነው፤ የተሠራውም ገና እግራችንን ሳናነሣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። አስጎብኚዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ትልቅ ቦርሳ የተሸከመች ሴት ነበረች። ሁላችንንም ክብ አቁማ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ጠየቀች፤ የልብ፣ የግፊት፣ የጉልበት ሕመም ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ አሁን ይንገረኝ፣ ካፈረም ለብቻዬ ይንገረኝ አለች። ከዚያ ወደ አማቴ እያየች እንድተረጉምላቸው ጠበቀችኝ።

አሁን አማትን በሰው ፊት «ሕመም አለብዎት ወይ» ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚከብድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔም «እማማ፣ ደኅና ነዎት ወይ እያለች ነው» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ በላት» አሉ።

እኔም ዞር ብዬ፣ «ምንም ሕመም የለባቸውም» ብዬ ተረጎምኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው እግሩ ተሰብሮም ነው። ሰላምታ እንጂ የሕክምና መረጃ አይደለም። ያቺ ሴት የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ እኔ የተረጎምኩት ሌላ፤ እሳቸው የመለሱት ደግሞ ሦስተኛ ነገር። በሦስታችን መካከል ሁለቱ ክኒኖችና ባዶው ሆድ ሳይነሡ ቀሩ። ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ሁሉ፣ ጥያቄውን አታለስልሱት። «ደኅና ነዎት?» ሳይሆን «ዛሬ መድኃኒትዎን ውጠዋል? በስንት ሰዓት? በምን ዋጡት? ከዚያ ወዲህ ምን ጠጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ሲጠየቁ ሰዎቻችን አይዋሹም። በኋላ እንደሰማሁት ከሆነ አማቴ ሁለቱንም ክኒኖች ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአንድ ጉንጭ ውኃ ነበር የዋጧቸው። አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። በዚያ ላይ ባዕድ አገር መጸዳጃ ፍለጋ ላለመቸገር ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውኃ ቀንሰው ነበር።

ባስታይ በሚባለው ከፍ ያለ ዐለት ላይ ያለው የጠዋቱ ጊዜ ግን እውነቱን ለመናገር ያማረ ነበር። መኪናው እስከ ላይ ስለሚያደርስ መንገዱ ሜዳ ነው። ከዐለቱ ጫፍ ኤልበን 194 ሜትር ቁልቁል ያዩታል፤ ጀልባዎቹ የባቄላ ፍሬ ያህላሉ። ከዚያ ዐለቶቹን የሚያያይዘው ዝነኛው የድንጋይ ድልድይ ይመጣል፤ በ1851 የተሠራ፣ ባለ ሰባት ቅስት፣ 76.5 ሜትር የሚረዝም፣ ከሥሩ 40 ሜትር ገደል። ከእሱ በፊት በ1826 የተሠራ የእንጨት ድልድይ ነበር።

ከድልድዩ አጠገብ ትንሽ ገንዘብ ተከፍሎ የሚገባበት የኖይራተን ግንብ ፍርስራሽ አለ። ግንብ ስላልኩ እንዳትታለሉ። አማቴ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ከቤታቸው እስከ ፋሲል ግንብ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ገብተው ዙሪያውን ተመለከቱና «ልጄ፣ ግንቡ የታለ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ይህ በመካከለኛው ዘመን ዐለቱን ራሱን እንደ ግድግዳ ተጠቅመው፣ በዐለቶቹ መካከል በእንጨት የሠሩት ምሽግ ነው። እንጨቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቀረው በዐለቱ ላይ የተፈለፈለ ክፍል፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ የድንጋይ ኳሶች፣ በአምሳያ የተሠራ ድንጋይ መወንጨፊያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወራጆቹ ይገቡባቸው የነበሩ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ናቸው። አማቴ ከቀዳዳዎቹ በአንዱ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ዳበሱት። «ምሰሶ ይገባበት ነበር?» አሉ። አዎ ስላቸው ጥቂት ዝም ብለው «አይ የእንጨት ነገር» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በፍርስራሹ ውስጥ ከዐለት ወደ ዐለት የሚኬደው በብረት መተላለፊያ ነው። ወለሉ ወንፊት ስለሆነ ከእግር ሥር ገደሉ ይታያል። እኔ ጉልበቴ ከዳኝ፤ መደገፊያውን ሙጭጭ አድርጌ በጎኔ እንደ ሸርጣን ነው የሄድኩት። እሳቸው ነጠላቸውን አመሳቅለው አስረው እንደ ጓሯቸው ተራመዱበት። ዞር ብለውም «አይዞህ ልጄ፣ ወደ ታች አትይ» አሉኝ። ከቡድኑ የነበሩ አንድ ባልና ሚስት አጨበጨቡላቸው።

ሦስተኛው ስሕተት የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ጉልበታቸውን በጠዋቱ ለካሁት። በቀዝቃዛ ሰዓት፣ በሜዳ መንገድ፣ ሙሉ ሌሊት ያረፈ ሰው ያሳየውን ብርታት ለከሰዓቱም አሰብኩለት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እላይ ባለው ምግብ ቤት ምሳ ተቀመጥን። አማቴ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጾም ነኝ» ብለው ጥላ ሥር ወንበር ያዙ። አስጎብኚዋ ለምን እንደማይበሉ ጠየቀችኝ። «አልራባቸውም» አልኳት። ጾምን ማስረዳት አታክቶኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እኔ ድንቼን በላሁ።

ቁልቁለቱን ከመጀመራችን በፊት አንድ ዕድል ደግሞ ሰጥታን ነበር። የሚቀረው መንገድ ሽዌደንሎኸር በሚባለው ጠባብ ሸለቆ የሚወርድ 700 ያህል ደረጃ ነው፤ ደረጃ ያልፈለገ ሰው ከሹፌሩ ጋር በመኪና ሄዶ ታች ሊጠብቀን ይችላል አለች። አማቴን ሳልጠይቅ «እንወርዳለን» አልኩ። ብጠይቃቸውም ኖሮ የከፈልኩትን ገንዘብ አስበው እሺ ይሉ ነበር። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ምርጫውን ለእነሱ አታቅርቡላቸው፤ «እኔ ደክሞኛል፣ በመኪና እንሂድ» በሉ። ድካሙን በራሳችሁ ላይ አድርጉት። ይሉኝታን የሚያሸንፈው ሌላ ይሉኝታ ነው።

ሽዌደንሎኸር ማለት የስዊድኖች ጉድጓድ እንደማለት ነው። በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ፣ በ1639፣ የስዊድን ወታደሮች መንደራቸውን ያጠፉባቸው ገበሬዎች የተደበቁበት ሸለቆ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አፄ ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆሩ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ «እኛ ግንብ ስንሠራ እነዚህ ዋሻ ውስጥ ነበሩ በለኛ» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ወሬ አቆሙ።

ዝምታቸውን እንደ ምልክት አላየሁትም። ሸለቆው ውስጥ የድንጋይ ሽበት በዐለቱ ላይ ወፍሮ በቅሏል፣ ውኃ ይንጠባጠባል፣ አየሩም እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ሰውነት ምን ያህል እንደደረቀ ያስረሳል። ደረጃው አንዳንዱ ዐለት፣ አንዳንዱ እንጨት ነው፤ የአንዱ ቁመት ካንዱ አይመሳሰልም። ቁልቁለት ሲሆን ይቀላል የሚል ሰው 700 ደረጃ ወርዶ አያውቅም። መጀመሪያ መደገፊያውን መያዝ ጀመሩ። ቀጥሎ በየደረጃው ሁለቱንም እግራቸውን እያገናኙ ወረዱ። ከዚያ አንድ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ስንደርስ «ልጄ፣ ጨለመ እንዴ?» አሉኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ሳልመልስላቸው ክንዴ ላይ ዘመሙ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ግንባራቸው በቀዝቃዛ ላብ ርሷል። ጮኼ ተጣራሁ። አስጎብኚዋ ከፊት ተመልሳ ስትመጣ ያለችኝ አንድ ቃል ነው፤ «መድኃኒት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። የግፊት መሆኑን፣ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንዳልጠጡ፣ እንዳልበሉም አንድ ላይ ዘረገፍኩት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ላስቀምጠው፤ ለእናንተም ይጠቅማል። በጀርባቸው አስተኛቻቸው፤ ቦርሳዋን ከእግራቸው ሥር አድርጋ ከፍ አደረገችላቸው። ከአንገታቸው ነጠላውን ፈታች፤ ጫፉን በውኃ አርሳ አንገታቸውና ግንባራቸው ላይ አደረገችው። የቀሩትን ሰዎች ቀስ ብለው ወደ ታች እንዲወርዱና ሐይቁ ዘንድ እንዲጠብቁን ላከቻቸው። ስልኳን አውጥታ መስመር መኖሩን አየች፤ በቶሎ ካልነቁ ወይም ግራ ከተጋቡ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም አነጋገራቸው ከተኮላተፈ 112 እንደምትደውል ነገረችኝ። 112 በመላው ጀርመን ነጻ ነው፤ የት እንዳላችሁ መናገር ካልቻላችሁ ግን ይቸግራል። በጀርመን ደኖች በብዙ ቦታ ነጭ መስቀልና ቁጥር ያለበት አረንጓዴ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ለአደጋ ጊዜ ቦታን ለማመልከት ነው። ስታልፉ የቁጥሩን ፎቶ አንሡ። እኔ ያን ቀን ያነሣሁት ፎቶ ሁሉ የዐለት ነበር።

ዓይናቸውን ሲገልጡ «ፈገግ እንዲሉ ንገራቸው፣ ሁለቱንም እጅ እንዲያነሡም» አለችኝ። ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩ። አማቴም እጃቸውን አነሡና «ፈገግ በይ? ምን የሚያስቅ ነገር አለ?» አሉ። እኔ ግን ሳቅ ቀደመኝ፤ እንባም።

ውኃ ቀረበ። አልጠጣም አሉ። «ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስምንት ሰዓት አልፏል አልኳቸው። «በል አንድ ሰዓት ናት፣ እታገሣታለሁ» አሉ። ለበሽተኛ ጾም እንደማይገደድ ነገርኳቸው፤ «እኔ በሽተኛ ነኝ ያለህ ማነው?» አሉኝ። የንስሐ አባታቸውን አነሣሁ፤ ዝም አሉ። አስጎብኚዋ ጠርሙሱን እንደያዘች ተንበርክካ ታየኛለች። በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። በፈረንጆቹ በጋ ጀርመን ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስልኬን አውጥቼ የአገር ቤቱን ሰዓት አሳየኋቸው።

«እማማ፣ ጎንደር ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ሆኗል። ቅዳሴ ወጥቷል።»

ስልኩን ወስደው አራቁት፣ አቀረቡት። መነጽራቸውን አላደረጉም። «የጎንደር ነው?» አሉ። የጎንደር ነው አልኳቸው። አማተቡና ጠርሙሱን ተቀበሉ።

በአንድ ጊዜ እንዲጨልጡ አልፈቀደችላቸውም፤ ትንሽ ትንሽ እያሰኘች ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየቻቸው። ጨው ያለበት ብስኩት አውጥታ ሰጠቻቸው፤ «ቅቤ አለው?» ብለው ጠየቁ፤ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቤ የለውም አልኳቸው። ከዚያ የራሳቸውን ቦርሳ ከፈቱ። ለካ ለዘጠኝ ሰዓት ብለው በትንሽ ከረጢት ገብስና ሽምብራ ቆሎ ይዘው ኖሯል። መጀመሪያ የዘገኑት ለአስጎብኚዋ ነው፤ መዳፏን ገልብጠው ሞሉላት። ያቺ ሴት በዚያ ጠባብ ሸለቆ ተቀምጣ ፍሬ በፍሬ ቆረጠመችው።

የቀረውን ደረጃ በሁለታችን መካከል ሆነው፣ በየሃያው ደረጃ እያረፉ ወረዱ። ታች አምዝልዜ የሚባለው ትንሽ ሐይቅ ዳር የቡድኑ ሰዎች ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ሐኪሙ የነገረን ባጭሩ ይህ ነው፤ ሽንት የሚያበዛ ክኒን፣ ሙቀትና ጥማት አንድ ላይ ሲሆኑ ግፊትን ይጥላሉ፤ ስለዚህ የሚጾም ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት፤ በገዛ ፈቃዱም አያቁም። አማቴ በዚያው ምሽት ለንስሐ አባታቸው ደውለው ሲነጋገሩ ከሌላው ክፍል ሰማሁ፤ ብዙውን ጊዜ «እሺ አባቴ» ብቻ ነበር የሚሉት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒታቸውን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚውጡት።

ሌላም ጣጣ ነበር። ለቪዛው ሲባል ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ገብተንላቸው ነበር፤ ግዴታ ስለሆነ። ወረቀቱ ግን ጉዞው ዕለት ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ የሐኪሙም ቀን ስልክ ቁጥሩን ስንፈልግ አንድ ሰዓት ጠፋን። የመድኑን ወረቀትና የመድኃኒቶቹን ስም ፎቶ አንሥታችሁ በስልካችሁም በእናታችሁም ቦርሳ አስቀምጡ። የመድኃኒቱን ስም በላቲን ፊደል ጻፉት፤ «ነጩ ክኒን» የሚባል መድኃኒት ፋርማሲ አያውቀውም።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ፍልሰታ በተፈታበት ዕለት እንደገና ወጣን፤ ይህኛውን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ወደ ኮኒግሽታይን ምሽግ ሄድን። ከኤልበ 240 ሜትር ከፍ ባለ ጠረጴዛማ ተራራ ላይ ያለ፣ ዙሪያው በቅጥር የታጠረ ነው፤ አሳንሰርም አለው። ደረጃ አልነካንም። 152.5 ሜትር የሚጠልቀውን የውኃ ጉድጓድ አሳዩን፤ ውኃ ሲፈስበት ድምፁ እስኪመለስ አማቴ ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ። ከወጣን በኋላ የቅጥሩን ድንጋይ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይኼስ ግንብ ነው» አሉ። «ሰገነት ግን አያውቁበትም።»